የደብረ ብርሃንን ዳር ሰፈር በእግር ማስጎብኘት፦ አዳዲስ ቤቶችን ለማሳየት ዝርዝር መመሪያ

ወደ ደብረ ብርሃን እንግዳ ሲመጣ የት እንደምንወስደው እናውቃለን። ሥላሴን ይሳለማል። ጊዜ ካለው አንኮበር ይወጣል፣ ጣርማ በር ላይ ቆሞ ቆላውን ቁልቁል ያያል። ደስ ይላል። ግን ያ እንግዳ ከመናኸሪያ ተነሥቶ ማረፊያው እስኪደርስ ስንት አዲስ ቤት አልፎ ይሄዳል? ማንም አስቁሞ "እስቲ ይቺን ተመልከት" አይለውም።

እኔ እላለሁ። ከጥቂት ዓመት ወዲህ ሰው እየሰበሰብኩ ጠባሴ አካባቢ ያሉትን አዳዲስ ቤቶችና ሕንፃዎች በእግር አስጎበኛለሁ። አርክቴክት አይደለሁም። ግንባታ ላይ በፎርማንነት ነው የኖርኩት። ለዚህ ሥራ ዓይንና ትዕግሥት ካላችሁ ይበቃችኋል። ከዚህ በታች የጻፍኩት ጫጫ፣ ደብረ ሲና ወይም መሐል ሜዳ ላላችሁም ይሠራል። ቤቱ ቢለያይም አካሄዱ ያው ነው።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ያዙ

"ይሄ ባለ ሦስት ፎቅ ነው፣ ያኛው ባለ አራት ነው፣ ይሄ የባንክ ነው" እያላችሁ ከሄዳችሁ ሰው አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩን ያወጣል። አይፈረድበትም። ጉብኝቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚይዝ አንድ ጥያቄ ያስፈልጋል።

የእኛ ከተማ ጥያቄዋን ራሷ ትሰጣለች። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል። ጠዋት ሣሩ ላይ እንደ ጨው ተነጥፎ ታገኙታላችሁ። ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ብርድ ልብስ የሚሠራ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት ፊት ቆሜ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ቤት ብርዱን እንዴት ይችለዋል?

ከዚህ ጥያቄ ውስጥ ሁሉም ይወጣል። ድንጋዩ፣ መስታወቱ፣ የባለቤቱ አቅም፣ የሠሪው ብልሃት። ሸዋ ሮቢት ብትሆኑ ጥያቄያችሁ ስለ ሙቀትና ስለ ጥላ ይሆን ነበር። የሰፈራችሁን ጥያቄ ፈልጉ። አንዴ ካገኛችሁት በየቦታው ምን እንደምትናገሩ አትጨነቁም።

ብቻችሁን ሦስት ጊዜ ሂዱ

ሰው ከመጥራታችሁ በፊት መንገዱን በሦስት የተለያየ ሰዓት ሂዱበት። አንዱ ጠዋት 1 ሰዓት፣ አንዱ እኩለ ቀን፣ አንዱ ከቀኑ 11 ሰዓት። አንድ ግድግዳ ጠዋትና ማታ ሁለት የተለያየ ግድግዳ ነው። ጠዋት ለስላሳ የመሰለው ልስን፣ ማታ ፀሐዩ በጎን ሲመታው እብጠቱም ስንጥቁም ይወጣል።

በጠዋቱ ጉዞ አንድ ነገር ብቻ ተመልከቱ። ሰው ፀሐይ የሚሞቀው የት ነው? ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው የሚደገፉበት ግድግዳ የሰፈሩ ምርጥ ግድግዳ ነው። ንድፍ የሠራው ሰው ባያስብበትም እነሱ ያውቁታል። እነዚህን ግድግዳዎች ወረቀት ላይ ምልክት አድርጉ። ስታዩት አብዛኞቹ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ደቡብ የዞሩ ናቸው።

ለምን ደቡብ? እዚህ ላይ አንድ ዱላ ይዛችሁ ብትሞክሩት ደስ ይላል፣ ጎብኚ ፊትም ቢደረግ በጣም ይወደዳል። 1 ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ዱላ መሬት ላይ ትከሉ። ታኅሣሥ 12 ቀን አካባቢ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ20 ገደማ ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቃል፣ 65 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ፀሐይዋ ወደ ደቡብ አዘንብላለች ማለት ነው። በሰኔ አጋማሽ ደግሞ ጥላው ዞሮ ወደ ደቡብ ይወድቃል፣ ርዝመቱም 24 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ብርዱ በሚበረታበት ወር ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኘው ወደ ደቡብ የዞረ መስኮት ነው። ወደ ሰሜን የዞረው ያን ወር ሙሉ ጥላ ውስጥ ይከርማል። አንድ ዱላ ይህን ሁሉ ይነግራችኋል። ሰዎች ይህን ካዩ በኋላ በየቤቱ መጀመሪያ የሚጠይቁት "ደቡብ በየት በኩል ነው?" ብለው ነው።

በእኩለ ቀኑ ጉዞ የት ላይ መቆም እንደሚቻል አጥኑ። ባጃጅ የሚዞርበት፣ ውሻ የሚለቀቅበት፣ የፍሳሽ ቦይ ክዳኑ የተነሣበት ቦታ አይሆንም። በማታው ጉዞ ደግሞ እጃችሁን ተጠቀሙ። እዚህ ላይ በኋላ እመለሳለሁ።

ባለቤቶቹን አነጋግሩ

ይህን ደረጃ አትዝለሉ። እኔ የዘለልኩት አንድ ጊዜ ነው፣ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

የመጀመሪያው ጉብኝቴ ላይ 34 ሰው ይዤ ሄድኩ። አንድ የጭቃ ቤት ፊት ቆመን ወደ ጣሪያው እየጠቆምን ስናወራ አንዲት እናት በሩን ከፍተው ወጡ። እጃቸው ሊጥ ነክቶታል። ሁላችንንም አዩና "ልታፈርሱት ነው የመጣችሁት?" አሉ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። "ኧረ በፍጹም እማማ፣ ቤትዎ ጥሩ ስለሆነ ልናይ ነው" አልኳቸው። አላመኑኝም። ሰው ተሰብስቦ በጣት ወደ ቤት ሲጠቁም መልካም ነገር እንደማይከተል የሚያውቁ ሰው ናቸው። በማግሥቱ ብቻዬን ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ቡና አፈሉልኝ፣ ቤቱ እንዴት እንደ ተሠራ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ነገሩኝ። ዛሬ የጉብኝቱ የመጀመሪያ መቆሚያ የእሳቸው ቤት ነው። የሚናገሩትም እሳቸው ናቸው።

እና እንዲህ አድርጉ። ከሳምንት በፊት እያንዳንዱን ቤት አንኳኩ። "እንደምን ዋላችሁ" በሉ፣ ስማችሁን ተናገሩ፣ የማን ልጅ እንደሆናችሁ ንገሩ። ሰው የሚያምነው በዚያ ነው። በስንት ሰዓት እንደምትመጡ፣ ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ ስንት ደቂቃ እንደምትቆሙ አስረዱ። ፎቶ ይነሣ እንደሆነ ለብቻው ጠይቁ፣ "እሺ" ማለታቸው ለመቆም ነው እንጂ ለፎቶ ላይሆን ይችላል። አይሆንም ካሉ አመስግናችሁ መንገዱን ቀይሩ። አትለምኑ።

ከዚያ ስለ ቤቱ ጠይቁ። "በስንት ዓመተ ምሕረት ተሠራ?" ብላችሁ ከጀመራችሁ ብዙ ሰው ይቸገራል። "መጀመሪያ ስትገቡ የትኛው ልጅ ነበር የተወለደው?" ብትሉ ግን ዓመቱን በወር ጭምር ታገኛላችሁ። ብሎኬቱ ከየት መጣ፣ ድንጋዩን ማን ጠረበው፣ ውኃ በምን ይመላለስ ነበር፣ በየትኛው ክፍል ነው የምትተኙት፣ ለምን? የመጨረሻዋን ጥያቄ አትርሷት። ብዙ ትልልቅ ቤቶች ውስጥ ቤተሰቡ ክረምትና ታኅሣሥን የሚያሳልፈው በትንሿ ክፍል፣ አንዳንዴም ጓሮ ባለችው ማዕድ ቤት ውስጥ ነው። ሳሎኑ ለእንግዳ ነው።

ቀበሌውንም አሳውቁ። አጭር ደብዳቤ ጻፉ፦ ቀኑ፣ መንገዱ፣ የሰዉ ብዛት፣ ዓላማው። ማኅተም ያለበት ቅጂ በኪሳችሁ ይኑር። ተሳታፊዎች ሁሉ መታወቂያ ይያዙ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ካምፕ፣ የመብራትና የቴሌ ተቋም ወዳለበት ካሜራ እንዳይዞር መጀመሪያውኑ ተናገሩ። የአካባቢው ሁኔታ ጥሩ ካልሆነ ጉብኝቱን ወደ ሌላ ቀን አስተላልፉ። ቤቶቹ የትም አይሄዱም።

ሰዓት፣ ወር፣ ርቀት

ይህ አጭር ነው። ምርጡ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፣ ሰማዩ ጥርት ይላል። ሐምሌና ነሐሴ ጭቃው አያስኬድም። ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ጀምሩ፣ ከዚያ በፊት ሰው እጁን ከኪሱ አያወጣም። 2 ኪሎ ሜትር፣ ስድስት መቆሚያ፣ ሁለት ሰዓት። የሰዉ ቁጥር ከ12 አይብለጥ። ከቆላ የመጣ ሰው ካለ ዳገቱን ቀስ በሉለት፣ አየሩ ይቀጥንበታል። ጃኬት፣ የፀሐይ ባርኔጣ፣ ውኃ። ፀሐዩ የማይመስል እየመሰለ ፊት ያቃጥላል።

መንገዱ፦ የእኔ ስድስት መቆሚያዎች

ቅደም ተከተሉን ከአሮጌው ወደ አዲሱ አድርጌዋለሁ። መቆሚያ በምትመርጡበት ጊዜ ቆንጆውን ብቻ አትፈልጉ። አንዱ ከሌላው ጋር የሚነጋገር ቤት ፈልጉ።

አንደኛ፣ የጭቃ ቤት። የእማማ ቤት ማለት ነው። "ዘመናዊ ሕንፃ ነው ያልከን፣ ይሄ ምኑ ዘመናዊ ነው?" የሚል ሰው አይጠፋም። ቆርቆሮው ነው። የአጠና ግድግዳ፣ በጭድ የተቦካ ምርጊት፣ ከላይ የፋብሪካ ቆርቆሮ። ከዚያ በፊት በእኛ አገር ጣሪያ ሣር ነበር። መንዝ ላይ ሕዝቡ ቀሮ በሚባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቀው የኖረው የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን ያገለግላል። ሣር ክዳን ወፍራም ነው፣ አየር ያምቃል፣ ሙቀት ይይዛል። ቆርቆሮ ዝናብ አያስገባም፣ በየጊዜው አይቀየርም፣ እሳትም አይፈራም። ግን እንደ ወረቀት ስስ ነው። በጠራ ሌሊት ሙቀቱን ሁሉ ወደ ሰማይ ይለቀዋል፣ ከሥሩ ያለው የቤቱ እርጥበት ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። ለዚህ ነው ከሥሩ አቡጀዲ የሚወጠረው። ብዙዎቻችን አቡጀዲ ኮርኒስን የምናውቀው እንደ ጌጥ ነው። እማማ ግን "ብርዱን የሚይዝልኝ እሱ ነው" ይላሉ። ልክ ናቸው። በቆርቆሮውና በጨርቁ መሐል የቀረው አየር ነው ብርድ ልብሱ።

ሁለተኛ፣ የድንጋይ ቤት። እዚህ ረጅም ጊዜ ቁሙ። የእኛ አካባቢ ድንጋይ ጥቁር ነው፣ ጠንካራ ነው። ሰዉን ወደ ግድግዳው አስጠጉትና ከአንዲት ድንጋይ ላይ ዓይኑን እንዲጥል ጠይቁ። የእኔ የምወዳት ድንጋይ አለች፣ ከበሩ በስተቀኝ በደረት ቁመት ላይ። መሐሏ እንደ ሽምብራ ቆሎ ሻካራ ነው። ዳር ዳሯን ሁለት ጣት ስፋት ያህል በመሮ የተሠራ ለስላሳ ጥብጣብ ይዞራታል። ጥብጣቡ ላይ ሰረዞቹ ይቆጠራሉ፣ አንዱ ከሌላው እኩል ነው። ከታች በግራ ጥግ ላይ ግን ሦስት ሰረዝ ተዛንፏል። ጠራቢው መዶሻውን ያሳረፈበት ቦታ ነው፣ ወይ ሰው ጠርቶታል፣ ወይ እጁ ደንዝዟል። ሰዎች ጣታቸውን ሲያሳርፉበት ዝም ይላሉ። ያን ዝምታ አትቁረጡት።

ከዚያ በድንጋዮቹ መሐል ያለውን የሲሚንቶ መስመር አሳዩ። ግንበኞች ስቲላቱራ ይሉታል። መስመሩ ከፍ ብሎ ከወጣ ለዓይን ያምራል፣ ግን ዝናብ ሊያርፍበት ይችላል። ከድንጋዩ ጋር እኩል ከሆነ ወይም ትንሽ ከገባ ውኃው ይንሸራተታል።

ስለ ብርዱስ? የድንጋይ ግድግዳ ወፍራም ነው፣ ግማሽ ሜትር የሚደርስም አለ። ቀን ፀሐይ ይጠጣል፣ ማታ ቀስ እያለ ይመልሳል። በማታው ጉዞ እጃችሁን ተጠቀሙ ያልኩት ለዚህ ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ በደቡብና በምዕራብ በኩል ያለውን ድንጋይ ንኩት፣ እንደ እንስሳ ጎን ይሞቃል። ከዚያ አጠገቡ ያለውን የብረት በር ንኩ። ይህን ለጎብኚዎች በጠዋት ማሳየት አይቻልም፣ መናገር ግን ይቻላል። አንዳንዶቹ ማታ ተመልሰው ይመጣሉ።

ሦስተኛ፣ የብሎኬት ቤቶች። ፊቱ ተለስኖ ጀርባው ያልተለሰነ ቤት ፈልጉ፣ በጣም ብዙ ነው። ባለቤቱ ገንዘቡ ያለቀበት ቦታ ለእናንተ መማሪያ ነው። ጥሬው ብሎኬት ይታያል፦ 40 ሳንቲ ርዝመት፣ 20 ሳንቲ ቁመት፣ ውፍረቱ 20 ወይም 15። መሐሉ ባዶ ነው። ከተቻለ የተሰበረ ብሎኬት በቦርሳ ያዙና ቀዳዳውን አሳዩ። ያ ባዶ ቦታ ክብደት ይቀንሳል፣ ሲሚንቶ ይቆጥባል። ሙቀት ይይዛል ብለው የሚያስቡ አሉ፣ በተወሰነ ደረጃ ነው። ከድንጋዩ ጋር ሲተያይ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎም ይበርዳል። በዚህ ሰፈር ስትሄዱ "ድሮ የጭቃ ቤታችን ይሻል ነበር" የሚል ባለ ብሎኬት ቤት የምትሰሙት ለዚህ ነው። ሰዉ ተሳስቶ አይደለም።

ግን ብሎኬትን አታሳንሱት። ባለ አንድ ደመወዝ መምህር ጂ ፕላስ ዋን እንዲሠራ ያስቻለው እሱ ነው። መፍትሔውም አለ። በደቡብ በኩል ሰፊ መስኮት፣ በሰሜን በኩል ጠባብ፣ ደህና ኮርኒስ፣ በሩ ቀጥታ ወደ ንፋሱ እንዳይከፈት ትንሽ መግቢያ። በሰፈሩ ውስጥ ይህን ያደረገ አንድ ቤት ካገኛችሁ መቆሚያ አድርጉት። እኔ አንድ አለኝ። የሠሩት ጋሼ ንድፍ ሲሠራላቸው መሐንዲሱን "ላሞቼ የሚተኙበትን አቅጣጫ አይቼ ነው መስኮቱን ያስቀየርኩት" ብለውታል። እሳቸው ራሳቸው ሲናገሩት ስሙ።

አራተኛ፣ የኮንዶሚኒየም ዓይነት የጋራ ሕንፃ። አዲስ አበባ ላይ በ1990ዎቹ መጨረሻ የተስፋፋው ንድፍ ነው፣ ወደ ክልል ከተሞችም ወጣ። አሳንሰር የለውም፣ ደረጃው ወደ ውጭ ክፍት ነው። እንጀራ የሚጋገርበትና በግ የሚታረድበት የጋራ ቤት ከሕንፃዎቹ መሐል እንዲኖር ታስቦበታል፣ ይህ የንድፉ ደግ ነገር ነው። ክፍት ደረጃው ግን ለእኛ ንፋስ ምን ያህል እንደሚመች ነዋሪውን ጠይቁ። ነዋሪዎች ደረጃው አፍ ላይ ላሜራ ሲገጥሙ ወይም ሸራ ሲወጥሩ ታያላችሁ። ለዓይን አያምር ይሆናል። ለጉብኝታችሁ ግን ወርቅ ነው፣ ንድፉ የረሳውን ብርድ ሰዉ በገዛ እጁ ሲያስተካክል ማለት ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ነው። በዚያው ዘመን አገሪቱ ከጀርመኑ የልማት ድርጅት ከጂቲዜድ ጋር ሆና 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎችን ስትገነባ አንዱ እሱ ነበር፣ ድሬዳዋም ከ13ቱ ነው። ንድፋቸው በአብዛኛው የጋራ ነበር። ድሬዳዋና ደብረ ብርሃን! አንዱ ጥላ ፍለጋ፣ አንዱ ፀሐይ ፍለጋ የሚኖር ከተማ። በቡድናችሁ ውስጥ ሁለቱንም ቦታ የተማረ ሰው ካለ እንዲናገር ዕድል ስጡት። ከእናንተ ማብራሪያ ይበልጣል።

አምስተኛ፣ አስፋልት ዳር ያለ የመስታወት ሕንፃ። ፊቱ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ መስታወት፣ ጎኑ ጥሬ ብሎኬት። እዚህ ላይ መጀመሪያ ጠይቁ፣ ቀጥሎ ተናገሩ። "ለምን በመስታወት ሸፈነው?" ሰው ይመልሳል፦ ለማማር፣ አዲስ አበባን ለመምሰል፣ ተከራይ ባንክ ስለሚወድ። ሁሉም እውነት ነው። ከዚያ ወደ ጥያቄያችን መልሱት። መስታወት ፀሐይ ሲያገኝ ውስጡን ያሞቃል፣ ለብርድ አገር ክፉ ነገር አይደለም። ችግሩ ሁለት ነው። ነጠላ መስታወት ቀን ያስገባውን ማታ ያስወጣል። ሁለተኛው፣ ሕንፃው የሚዞረው ወደ አስፋልቱ ነው፣ አስፋልቱ ደግሞ ወደ ደቡብ ይሁን ወደ ሰሜን ማንም አልጠየቀም። ሁለት ፊት ለፊት የቆሙ የመስታወት ሕንፃዎች ካገኛችሁ በጥላው በኩል ያለው ቤት ጥበቃ ምን እንደለበሰ፣ በፀሐዩ በኩል ያለውስ ምን እንደለበሰ አሳዩ። ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ስለ መስታወት ስናወራ ሠዓሊውን አፈወርቅ ተክሌን ሳላነሣ አላልፍም። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ መዜዲሚ የነደፈው፣ አዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያሉትን ባለ ቀለም መስታወቶች የሠራው እሱ ነው፣ 150 ካሬ ሜትር ገደማ ናቸው። የተወለደው አንኮበር ነው። ዘመናዊ ሕንፃ ከሩቅ የመጣ ነገር ብቻ የሚመስለው የሰሜን ሸዋ ወጣት ይህን ሲሰማ ቀና ይላል። ብርሃንን በመስታወት የተረጎመ ሰው ከዚሁ ከእኛው ተራራ ነው የወጣው።

እዚሁ ቆማችሁ የሕጉን ነገር ባጭሩ ንገሩ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን "ሀ"፣ "ለ" እና "ሐ" ብሎ ከፍሎ ነበር። ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው "ሐ" ውስጥ ይገባ ነበር፣ የሚጠየቀው ባለሙያና ምርመራም ከፍ ይል ነበር። ሰዉ ፎቆቹን ቆጥሮ በዚያ አዋጅ የትኛው ምድብ እንደሚሆን ይገምት። ልጆች ይህን ይወዱታል።

ስድስተኛ፣ ያላለቀ ቤት። አንደኛ ፎቁ አልቆ ሰው ገብቶበታል። ሶሌታው ላይ፣ የኮንክሪት ጣሪያው ማለት ነው፣ የኮለኑ (የምሰሶው) ብረት ወደ ሰማይ ቆሟል፣ ጫፉ ዝጓል፣ መሐሉ ላይ ልብስ ተሰጥቶበታል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ፊቱን ያጠቁራል። እኔ ግን የመጨረሻው መቆሚያ ያደረግኩት ስለማከብረው ነው። ያ ብረት የባለቤቱ ሐሳብ ነው፦ ለልጄ ሁለተኛ ፎቅ እጨምራለሁ። ብረቱ ክፍት ሲቀር እንደሚዝግ፣ በስስ ሲሚንቶ ወይም በቀለም ቢሸፈን እንደሚቆይ ተናገሩ። ባለቤቱ ካሉ ለእሳቸውም ንገሯቸው። ከዚህ ጉብኝት በኋላ ሁለት ቤት ብረታቸውን ሸፍነዋል።

እንዴት ትናገራላችሁ

እየሄዳችሁ አታውሩ። ከኋላ ያለው አይሰማም፣ ከፊት ያለው ይደናቀፋል። ቆማችሁ፣ ሁሉም እስኪደርስ ጠብቁ። ፀሐዩን ፊት ለፊት ተቀበሉት፣ ፀሐይ በጎብኚው ጀርባ ይሁን። ያኔ እናንተንም ቤቱንም ያያል። በአንድ መቆሚያ ላይ የእናንተ ንግግር ከአምስት ደቂቃ አይብለጥ። የቀረው የማየትና የመንካት ጊዜ ነው።

የማያውቁት ጥያቄ ሲመጣ "እሱን ባለቤቶቹን እጠይቃለሁ" በሉና በማስታወሻ ያዙት። መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት ላኩ። ዋጋ አታንሡ፦ "ይሄ ስንት ሚሊዮን ፈጀ?" ተብላችሁ ብትጠየቁም እለፉት፣ ባለቤቱ በር ላይ ነው። የሰው ምርጫ ላይ አትሳቁ። ሮዝ ቀለም የተቀባ ግንብ ካለ ለምን ሮዝ እንደሆነ ጠይቁ። አንድ ቤት ላይ ጠይቄ "ባለቤቴ ከመሞቱ በፊት የመረጠው ቀለም ነው" ተባልኩ።

ሲያልቅ

መጨረሻውን ሻይ ቤት አድርጉት፣ ፀሐይ ያለበት በረንዳ። ሻይና ቆሎ በቂ ነው። እያንዳንዱ ሰው የቤተሰቡ ቤት ደቡቡ በየት በኩል እንደሆነ እዚያው በወረቀት ይሣል። ብዙ ሰው ይቸገራል፣ አንዳንዱ እናቱ ጋ ይደውላል። ጥሩ ጨዋታ የሚጀመረው ያኔ ነው።

በዚያው ሳምንት ያነሣችሁትን ፎቶ አሳትማችሁ ለየባለቤቱ አድርሱ። በስልክ መላክ አይበቃም። እማማ የቤታቸውን ፎቶ ከሥላሴ ሥዕል ጎን ሰቅለውታል።

ከእያንዳንዱ ጉብኝት በፊትም መንገዱን እንደገና ሂዱበት። ሰፈሩ በወር ይለወጣል። ከድንጋዩ ቤት ፊት ለፊት የነበረው ባዶ ቦታ ላይ ዘንድሮ ኮለን ቆሟል። ሁለተኛው ሶሌታ ሲሞላ ያቺ የምወዳት ድንጋይ የጠዋት ፀሐይ አታገኝም። ከአዲሱ ሕንፃ ባለቤት ጋር ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ቅዳሜ 4 ሰዓት ላይ፣ ዱላዬን ይዤ።